ሳንባ ላይ የታየ ጥላ
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ደረት ራጅ እንድናገር ሲጠይቁኝ "ለሐኪሞች ብቻ እንዳይሆንብኝ" ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የደረት ራጅ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ብዙ አይገኝም። ለሥራ ቅጥር ተነስተናል፣ ለውጭ አገር ትምህርት ተነስተናል፣ ለዲቪ ተነስተናል፤ ወንድም እህቶቻችን ለዓረብ አገር ጉዞ ተነስተዋል። ከእነዚህ ሁሉ አብዛኛው የተነሳው ታሞ አይደለም፤ ወረቀት ስለተጠየቀ ነው። የዛሬው ጉዳዬም ይኸው ነው። ምንም ሳያመው ራጅ የተነሳ ሰው "ሳንባህ ላይ የሆነ ነገር ታይቷል" ሲባል ምን ተባለ ማለት ነው?

ራጅ ምን እንደሚያሳይ እናስቀድም። ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ መሣሪያው ብዙ ቢሻሻልም መርሁ ያው ነው። ጨረሩ በጀርባ ገብቶ በደረት ይወጣል። አየር ያሳልፈዋል፣ ሥጋና ደም በከፊል ይይዙታል፣ አጥንት ይበልጥ ይይዘዋል፣ ብረት ጨርሶ ያግደዋል። የምናየው እንግዲህ አካሉን አይደለም፤ የአካሉን ጥላ ነው። ልጆች ሳለን ማታ በኩራዝ ፊት እጃችንን አጣጥፈን ግድግዳው ላይ ውሻ እንሠራ የለ? ግድግዳው ላይ ውሻ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ውሻ የለም። ራጅም እንደዚያ ነው። ቆዳው፣ ጡቱ፣ ጎድኑ፣ ልቡ፣ ሳንባው፣ አከርካሪው፣ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ተደራርበው ያርፋሉ።

ስለዚህ ያልተጠበቀ ነገር ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ይህ ምን በሽታ ነው?" ብለን አይደለም። "ይህ ነገር በእርግጥ ሳንባ ውስጥ ነው ወይ?" ብለን ነው። በእኛ አገር ለዚህ ከሹሩባ የተሻለ ምሳሌ የለም። ተሠርቶ ትከሻ ላይ የወረደ ሹሩባ በሳንባው የላይኛ ጫፍ ላይ ያርፍና የቲቢ ጠባሳ የሚመስል ጭረት ይጥላል። ቲቢ ደግሞ በአዋቂ ሰው ሳንባ ላይ አብዝቶ የሚመርጠው ያንኑ የላይኛውን ጫፍ ነው። ጠጉሩ ተሰብስቦ ከራስ በላይ ይታሰርና ራጁ ይደገማል፤ "ቲቢው" ይጠፋል። የማተብ ቋጠሮ፣ የክታብ ማኅደር፣ የቀሚስ ቁልፍ፣ የጡት ጫፍ ሳይቀር ክብ እብጠት መስሎ ይወጣል። በነገራችን ላይ "ማተብሽን በጥሺ"፣ "ክታብህን ጣል" ብሎ ማዘዝ አያስፈልግም። ከፍ አድርገው ወይም ወደ ጎን ስበው እንዲይዙት በትሕትና መጠየቅ ይበቃል። በዚህች ትንሽ ነገር ተቀይሞ ከራጅ ክፍል የወጣ ሰው ሁለተኛ አይመለስም።

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሱ ደረታቸው ላይ የብረት ፍንጣሪ የሚታይባቸው ሰዎች አሉ። ብረት ስለሆነ ከሁሉም ደምቆ ይታያል፤ ስለዚህ ምንነቱ አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው ጥልቀቱ ነው። ከፊት የተነሳ አንድ ራጅ ፍንጣሪው ቆዳ ሥር ይሁን ሳንባ ውስጥ አይናገርም። ከጎን አንድ መጨመር ያስፈልጋል፤ ሁለት ጥላ ሲገናኝ ቦታው ይታወቃል። መሐንዲሶቻችን ይህን ከእኔ በተሻለ ያስረዳሉ።

አሁን በእርግጥ ሳንባ ውስጥ ወዳለው ልምጣ። እዚህ ላይ ከሕክምናው በፊት ቋንቋው ራሱ ይፈትነናል። አንድ ሐኪም "ሳንባህ ላይ ጥላ አለ" ሲል እሱ የሚያወራው ስለ ፊልሙ ነው። "ጥላ ወጊ" ሲባል እየሰማ ላደገ የገጠር ሰው ግን ቃሉ ሌላ ፍርሃት ይዞ ይመጣል። ከዚህ የባሰው "ነቀርሳ" የሚለው ቃል ነው። ቲቢን "የሳንባ ነቀርሳ" እንላለን፤ ካንሰርንም "ነቀርሳ" እንላለን። አንዱ በስድስት ወር መድኃኒት የሚድን፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ ነው። ሌላው ፈጽሞ ሌላ መንገድ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተን ሰውየውን ወደ ቤቱ ስንሸኘው የትኛውን ይዞ እንደሚሄድ አስቡት። እኔ ለታካሚ ስናገር "ቲቢ" እና "ካንሰር" እላለሁ። የአማርኛ መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉኝና፣ እዚህ ቦታ ላይ የባዕዱ ቃል ይሻላል።

በአገራችን ጤነኛ በሚመስል ሰው ራጅ ላይ ሳይጠበቅ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የድሮ ቲቢ አሻራ ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የቲቢ ባክቴሪያ እንደገባበት ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው በቲቢ የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ናቸው። የቀሩትን ሰውነታቸው ራሱ ባክቴሪያውን ከቦ አስሮ ያቆየዋል። የታሰረበት ቦታ አንዳንዴ ካልሲየም ይይዝና እንደ ጠጠር ይደርቃል፤ ራጁ ላይ ትንሽ፣ ደማቅ፣ ጠርዙ የጠራ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሌላው ደግሞ ድሮ ታሞ፣ ታክሞ ወይም ሳያውቀው ድኖ፣ የሳንባው ጫፍ ላይ የተኮማተረ ጠባሳ ይቀርበታል። ጉልበታችን ላይ በልጅነት የወደቅንበት ጠባሳ እንዳለ ማለት ነው።

ችግሩ ራጅ ጠባሳን ከሕያው ቁስል ሁልጊዜ መለየት አለመቻሉ ነው። አንዳንድ ምልክት አለ። ውስጡ የተቦረቦረ ከሆነ፣ ጠርዙ የደበዘዘ ከሆነ እንጠረጥራለን፤ የደረቀና የጠራ ከሆነ እንረጋጋለን። ግን አንድን ፊልም ብቻ ይዞ "ይህ ሞቷል" ወይም "ይህ ሕያው ነው" ብሎ መማል አይቻልም። መልሱ ያለው ከፊልሙ ውጭ ነው፤ አክታው ውስጥ፣ የሰውየው ታሪክ ውስጥ፣ የድሮው ራጅ ውስጥ።

ይህ ነገር ወሎ ላይ ለምን ከባድ እንደሆነ በአንድ ታሪክ ላሳያችሁ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። ከደሴ ብዙም ከማይርቅ ገጠር የመጣች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ሁሉንም ጨርሳለች፤ ፓስፖርት ወጥቷል፣ አባቷ በሬ ሸጠዋል፣ ከዘመድ ተበድረዋል። የመጨረሻው የጤና ምርመራ ነበር። ራጅ ተነሳች፤ ወረቀቷ ላይ "ብቁ አይደለችም" ተብሎ ተጻፈ። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም። ሰፈር ስትመለስ "ቲቢ ተገኘባት" ተባለ፤ ሳምንት ሳይሞላ የቡና ሲኒዋ ለብቻ ተቀመጠ። ከዚያ ከአንድ መድኃኒት ቤት የቲቢ መድኃኒት በግል ለመግዛት ሲሞክሩ ነው አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝታቸው ወደ እኛ የላከቻቸው።

አባትየው ፊልሙን ከፌስታል አውጥተው ሰጡኝ። ቀኝ ሳንባ፣ የላይኛው ጫፍ፣ ጠርዙ የጠራ፣ የደረቀ ጠባሳና ሁለት የካልሲየም ነጥብ።

"ዶክተር፣ ልጄ ትተርፍልኛለች ወይ?" አሉኝ።

"አባቴ፣ እስኪ መጀመሪያ እንጠይቃት" አልኳቸው።

ሳል የላትም። የሌሊት ላብ የላትም። ክብደቷ አልቀነሰም። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ግን አያቷ ለረጅም ጊዜ ሲያስሉ ቆይተው እንደሞቱ፣ እሷም በዚያው ሰሞን ታማ እንደነበር እናቷ አስታወሱ። አክታ ሰጠች፤ በጂን ኤክስፐርት ተመረመረ፣ ባክቴሪያ የለም። ይህ መሣሪያ ውጤቱን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሰጣል፤ መድኃኒት መለማመዱንም አብሮ ይናገራል። ከስድስት ወር በኋላ ራጁን ደገምነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ አንድ ነው። ልጅቷ ሕመምተኛ አይደለችም፤ ለማንም አታስተላልፍም። ስድስት ወር ሙሉ አራት ዓይነት፣ በኋላም ሁለት ዓይነት መድኃኒት ውጣ ጉበቷን ልትፈትን ነበር፤ ያ ቀረ።

ወደ ሳዑዲ ግን አልሄደችም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የጤና መስፈርት ሕያው ቲቢን ብቻ ሳይሆን የዳነውን ቲቢ ጠባሳም ይከለክላል። የእኔ "ጤነኛ ናት" የሚል ወረቀት ያንን በር አይከፍትም። አባትየውም ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "እንግዲያ ለሰፈሩ ጻፍልኝ" አሉኝ። ለሰፈሩ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው የሕክምና ማስረጃዎች አድራሻው "ለሚመለከተው ጎረቤት ሁሉ" የሆነ እሱ ብቻ ነው።

ይህን ከዲቪ ምርመራ ጋር አስተያዩት። ለአሜሪካ ስደተኛ ቪዛ ከ15 ዓመት ጀምሮ ያለ አመልካች የደረት ራጅ ይነሳል። ራጁ ቲቢ የሚያጠራጥር ከሆነ በሩ አይዘጋም። ሰውየው ሦስት ቀን አክታ ይሰጣል፤ አክታው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ደግሞም ባክቴሪያው ይበቅል እንደሆነ እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። ብዙዎቻችሁ "ለምን ሁለት ወር?" ብላችሁ ተማርራችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ባክቴሪያው ራሱ ነው። በአንጀታችን የሚኖረው ኢ-ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ምንም ካልበቀለ ሰውየው ጠባሳው ፋይሉ ላይ ተመዝግቦለት ይሄዳል። ያው ጠባሳ ነው፤ አንዱ ጋ ዕጣን ይዘጋል፣ ሌላው ጋ ሁለት ወር ያስጠብቃል። እንደ ሐኪም ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ አክታ ሳይጠየቅ በራጅ ብቻ ሰውን "ብቁ አይደለህም" ማለት ሕክምና አይደለም፤ ማጣሪያ ወንፊት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ወጣት ምን እንደታየበትና ምን እንዳልታየበት በአማርኛ ጻፉለት።

ሁሉም ጠባሳ ነው እንዳልላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁልኝ። ሳይጠበቅ የተገኘ ነገር ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለ። አንዲት ወጣት ለቅጥር ራጅ ትነሳና የልቧ ቅርጽ ተለውጦ ይገኛል፤ የግራው የላይኛ ክፍል ሰፍቷል። በልጅነት ደጋግሞ የያዛት የጉሮሮ ሕመም የልቧን በር አጥብቦት ነበር። ደረጃ ስትወጣ ይደክማት የነበረውን "የደሴ ዳገት ነው" ብላ ትታው ይሆናል። ይህች ሴት ሳታውቀው ብታረግዝ የእርግዝናው ተጨማሪ ደም የጠበበውን በር ሊያጨናንቀው፣ ሳንባዋም ውኃ ሊሞላ ይችላል። ቀድሞ ከታወቀ ግን በልብ አልትራሳውንድ ታይቶ መላ ይፈለጋል።

ዕድሜው የገፋ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሳንባ ላይ ደግሞ አንድ ብቸኛ ክብ እብጠት ቢገኝ አንዘናጋም። እዚህ ላይ ነው የድሮ ራጅ ወርቅ የሚሆነው። ጠጣር የሆነ የሳንባ ካንሰር ይዘቱን በእጥፍ ለማሳደግ ባብዛኛው ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተለወጠ ጠጣር እብጠት ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። ከኮምቦልቻ ለመጣችሁ አንድ ስሌት ልተው። ይዘቱ እጥፍ ሲሆን ወርዱ የሚጨምረው በሩብ ያህል ብቻ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር የነበረው 12.6 ይሆናል። "ብዙም አላደገም" ተብሎ በዓይን ግምት የሚታለፈው ስለዚህ ነው፤ በማስመሪያ መለካት አለበት። ደግሞም ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ እብጠት ራጅ ላይ በቀላሉ ያመልጣል።

"ታዲያ ሁሉም ሰው ሲቲ ስካን ይነሳ" የሚል ይኖራል። አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው ጨረር ከተፈጥሮ በዐሥር ቀን ገደማ የምናገኘውን ያህል ነው፤ የደረት ሲቲ ስካን ደግሞ የሁለት ዓመቱን ያህል። ወጪውን እናንተው ታውቁታላችሁ። የድሮ ፊልም ግን ጨረር የለውም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ዕቃው ተዘርፎ፣ መሣሪያው ተሰባብሮ እንደነበር አትረሱትም። ፍራሽ ሥር ወይም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ራጅ ካላችሁ፣ ምናልባት የእናንተ ሳንባ ታሪክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። እባካችሁ መስኮት አትሸፍኑበት። የሳቃችሁ አላችሁ፤ አይቻለሁ እኮ!

ኮምቦልቻን ካነሳሁ አይቀር የተገላቢጦሹንም ልንገራችሁ፤ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሰውየው የሚታመምበትን። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። የጥጥ አቧራ የሚያመጣው የሳንባ ሕመም አለ። ሠራተኛው ከዕረፍት ቀን በኋላ ሰኞ ሥራ ሲገባ ደረቱ ይጨነቃል፣ ትንፋሹ ያጥራል፤ ማክሰኞ ይሻለዋል። ዓመታት ሲያልፉ ጭንቀቱ ሳምንቱን ሁሉ ይዞት ይውላል። ይህ ሰው ራጅ ቢነሳ ባብዛኛው ምንም አይታይበትም። "ራጅህ ንጹሕ ነው፣ ወደ ሥራህ ተመለስ" ይባላል። የሚያስፈልገው ራጅ ሳይሆን የትንፋሽ አቅም መለኪያ ነው፤ እሱም ከሥራ በፊትና በኋላ። ማበጠሪያው ላይ አቧራ የሚስብ መሣሪያ ማቆም ደግሞ የእኔ ሳይሆን የእናንተ የመሐንዲሶቹ ሙያ ነው። በአንጻሩ ድንጋይ ጠራቢ ወጣት ሳንባው የላይኛ ክፍል ላይ ነጠብጣብ ይዞ ሲመጣ ቲቢ ተብሎ መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል፤ የድንጋይ ብናኝ ያንኑ ቦታ ይመርጣልና። ይባስ ብሎ ብናኙ ራሱ ለቲቢ ስለሚያጋልጥ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ቤት እንጀራ የጋገረች እናትም እንደዚሁ የጭሱን አሻራ ሳንባዋ ላይ ይዛ ትመጣለች።

ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ በምን አውቃለሁ? ፊልሙ "ጥጥ ፋብሪካ ነው የምሠራው" አይለኝም። እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። ወደ ራጅ ክፍል የሚመጣው መጠየቂያ ወረቀት ብዙ ጊዜ "የደረት ራጅ" ብቻ ይላል፤ ዕድሜ እንኳ የሌለበት አለ። ተማሪዎቻችን ሦስት ነገር ሳይጽፉ ወረቀቱ እንዳይወጣ አስለምዷቸው፦ ሰውየው ምን ይሠራል፣ ቲቢ ታክሞ ያውቃል ወይ፣ የድሮ ራጅ አለው ወይ። ግማሽ መስመር አይሞላም።

ስለ ኮምፒውተር ንባብም እንዳነሳ ታዝዣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ራጅን ለቲቢ ልየታ በኮምፒውተር ማስነበብ እንደሚቻል ምክረ ሐሳብ ሰጥቷል። ጥሩ ነገር ነው፤ ራዲዮሎጂስት በሌለበት ወረዳ ብዙ ይረዳል። የሚሰጠው ግን ነጥብ ነው፤ ከዚህ ቁጥር በላይ የሆነው አክታ ይመርመር ይላል። የትኛው ቁጥር ላይ ይቆረጥ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። የድሮ ጠባሳ በበዛበት አገር ደግሞ ሌላ አገር የተመረጠውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ጤነኛውን ሁሉ ያሰልፋል። የኮምፒውተርና የጤና ትምህርት ክፍሎቻችን ለጋራ ምርምር ርዕስ ከፈለጉ ይኸውላቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሐረጎ ብቻ ነው።

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ ስለ ስልካችሁ ተናግሬ ልውረድ። ዛሬ ብዙ ሰው ራጁን በስልክ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ ጥሩ ነው፣ ግን አነሣሡን እንወቅበት። ፊልሙን በቀን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት ላይ ለጥፉት፤ አምፖል ፊት አትያዙት፣ መሐሉ ይነጣል። ሙሉው ፊልም ከአራቱም ማዕዘን ይግባ። ስሙና ቀኑ የተጻፈበት ጥግ ይነበብ፤ ቀን የሌለው ራጅ ለማወዳደር አይሆንም። ቀኝና ግራውን የሚለይ "አር" ወይም "ኤል" የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ጠርዙ ላይ አለ፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ መነበቡን አረጋግጡ። ልባቸው በቀኝ በኩል የሆነ ሰዎች በእርግጥ አሉ፤ እኔ ዘንድ በቴሌግራም ከመጡት "ልባቸው በቀኝ የሆነ" አብዛኞቹ ግን ፊልሙን በጀርባው ያነሱ ናቸው። ጥያቄ ያላችሁ በሻይ ሰዓት አግኙኝ፣ ራጅ የያዛችሁም ከፌስታሉ አውጡት።